እንዚራውን ማን ነቀለው?

ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ዶሮ ወጡ እንከን አይወጣለትም፣ ሙሽሪት ታምራለች፣ መድረኩ ላይ ደግሞ ማሲንቆ የያዘ ጎልማሳ ቆሟል። ደስ ብሎኝ ወንበሬን ወደ ፊት ሳብኩ። ለካ ማሲንቆዋ ለፎቶ ናት! ሰውዬው ትከሻውን እየሰበቀ ደጋኑን ከጭራዋ ሳያገናኝ በአየር ላይ ያመላልሳል፤ ድምፁ የሚወጣው ከኋላው ከተገተረው ኪቦርድ ነው። ኪቦርዱ «ማሲንቆ» የሚል ቁልፍ አለው። ሲጫኑት ማሲንቆ የሚመስል፣ ጉሮሮው በማር የታጠበ ነገር ይፈስሳል። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ።

እዚያው ጠረጴዛችን ላይ አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከኮቱ ሥር የሜታል ባንዱን የብላክ ሳባዝን ቲሸርት ለብሶ ተቀምጧል። ከጎኑ ያሉት ጋሼ አዩት። «ምነው ልጄ፣ የአበሻ ልጅ ሆነህ የሰይጣን ጩኸት ትሰማለህ? ባህልህን አታውቅም?» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ወደ መድረኩ ዞረው ለኪቦርዱ አጨበጨቡ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ያን ዕለት ሽማግሌ ሰው ፊት አልመልስም ብዬ ዋጥ አደረግኩት። አልወረደልኝም። አሁን ልተፋው ነው፤ የሚከፋው ይከፋው።

የምኖረው ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ቦልደር ሀይዌይ አጠገብ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። ወገኖቼ የሚበዙት በምዕራብ በኩል፣ ስፕሪንግ ቫሊ ነው፤ ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመልን ሰፈርም እዚያ ነው። እኔ ጋ ቅዳሜ ማታ ሜክሲኮዎቹ ጎረቤቶቼ አኮርዲዮንና ቱባ ግቢያቸው አውጥተው ግድግዳዬን ያንቀጠቅጡታል። ቱባው እውነተኛ ቱባ ነው፤ የነፊው ጉንጭ ሲያብጥ በአጥሩ ላይ ይታየኛል። እንቅልፍ ይነሱኛል፤ ግን እቀናባቸዋለሁ።

የእኛ ባህላዊ ሙዚቃ ለስላሳ ነው ያለን ማን ነው? ክራር እኮ ይገረፋል። ማሲንቆ ይገዘገዛል። ከበሮ ይደለቃል፣ ነጋሪት ይጎሰማል። ቃሎቹ ራሳቸው ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚሉ ናቸው! ፉከራና ቀረርቶን ለስላሳ የሚል ሰው ካለ አንድ ጊዜ የገጠር ለቅሶ ወይም ድል ያለ ሠርግ ላይ ቆሞ ይስማና እንነጋገራለን።

በገናን ውሰዱ። ዐሥር አውታር፣ ከበግ አንጀት የተፈተለ። ሠሪው ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት አላቃተውም፤ አልፈለገውም እንጂ። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይሸጉጥበታል። እንዚራ ይባላል። አውታሩ ሲነካ ቆዳው ላይ እየተንቀጠቀጠ ይነዝራል፤ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረት የሚሰማው ያ ድምፅ ከዚያች ቁራጭ ይመጣል። እንዚራውን ንቀሉት፤ በእጃችሁ የሚቀረው ትልቅ እንጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እንግሊዛዊው ዴቭ ዴቪስ የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ተልትሎ ጊታሩን ሲያሻክር ዓለም አዲስ ነገር ተፈጠረ አለ። እኛ ጋ ሻካራው ድምፅ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ከጸሎት ጋር ኖሯል!

ይህን ያስተዋለው ግን የኛ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024፣ በሆሣዕና ዋዜማ፣ ሲክ ኒው ወርልድ የሚባለው የሜታል ፌስቲቫል እዚህ ከተማ ላይ ነበር። ስትሪፕ የሚባለው ዋናው ጎዳና ጥቁር ቲሸርት ለብሷል። እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ መኪናዬ ውስጥ የዓለሙ አጋ በገና ተከፍቷል። ክንዱ እስከ ጣቱ የተነቀሰ ጎረምሳ ገባ። ልዘጋው እጄን ስሰድ «ተው፣ ተው! ጊታሩን በምን አሻክረውት ነው?» አለኝ። ጊታር አይደለም፣ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ቆዳ ነው አልኩት። ሆቴሉ እስክንደርስ ትንፍሽ አላለም። ሲወርድ ከጉርሻው ጋር በደረሰኝ ጀርባ የአንድ አልበም ስም ጽፎ ሰጠኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ያገሬን ሰው ጫንኩ። ያው በገና፣ ያው መዝሙር። ትንሽ አዳመጠና «ስፒከርህ ተቀዷል መሰለኝ፤ አሠራው እንጂ» አለኝ።

ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የብላክ ሳባዝ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1971 ሥራ። የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ የበርሚንግሃም ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ የብረታ ብረት ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ምን አደረገ? የሳሙና ዕቃ ፕላስቲክ አቅልጦ ቆብ ሠራ፣ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት፣ ጣቱን አልብሶ ተጫወተ። ኋላም አውታሮቹን እያላላ ወደ ታች ቃኛቸው፤ ያ የሚያስገመግም ድምፅ እንዲህ ተወለደ። እዚህም ቁራጭ ቆዳ፣ እዚያም ቁራጭ ቆዳ! ይህን ስሰማ ምድር ላይ ያለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ በገና ሠሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ብቻ ያስተምሩ ማለት ቃጣኝ።

ደግሞ ሜታልን የሰይጣን ነው ይላሉ። ብላክ ሳባዝ በራሱ ስም የሚጠራውን ዘፈን የሚከፍትበት አስፈሪ የድምፅ ርቀት፣ አውሮጳውያን የዲያብሎስ ስም ያወጡለት፣ በአንቺ ሆዬ ቅኝታችን ውስጥ ቁጭ ብሏል። እያጨበጨብን ሙሽራ አጅበንበታል። በሉ እንግዲህ፣ ሠርጋችንንም ጠበል እናስረጨው!

አልዋሽም፤ ክፉዎችም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ የብላክ ሜታል ጎረምሶች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ለእነሱ ጥብቅና አልቆምም፤ ያን ወገን አልሰማውም፣ ለማንም ስሙት አልልም። ግን በአንድ ቀጣፊ ምክንያት ደብተራ ሁሉ ጠንቋይ ነው ሲሉን እንናደድ የለ?

የዚያ ፌስቲቫል ዋና ባንድ ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን ነበር። አሜሪካ የኖሩ አርመኖች ናቸው፤ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ሰዎች የልጅ ልጆች። የአያቶቻቸውን ሙሾ ወደ ኪቦርድ አልወሰዱትም፣ እየጮኹ መድረክ ላይ አወጡት። ከዚያው እልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆችን እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አምጥተው የማርሽ ባንድ አቋቋሙባቸው፤ አርባ ልጆች የምንላቸው። ያንን ታሪክ ስናወራ ደረታችን ይነፋል። የዘመዶቻቸውን ልጆች ቲሸርት የለበሰ ልጅ ስናይ ግን እናማትባለን።

እኛም እኮ ጌታቸው መኩሪያ ነበረን። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ያስፎከረ፣ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ የወጣ ጀግና! እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆላንዶቹ ፓንኮች ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሲሠራ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ፓንኮቹ አላለዘቡትም፤ በሚጮህ ጊታር ከበቡትና የልቡን እንዲናገር ተዉት። ስንቶቻችን ቤት አለ ያ አልበም?

ጃኖ ባንድስ? አልበማቸው «ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ «ፈረንጅ ሊሆኑ ነው» ያልን ሰዎች እዚህ ከተማም ሞልተናል። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) ሥራዎች ያዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተርሄድ ባንድን «ኦርጋስማትሮን» ያዘጋጀውም እሱ ነው። ያ ሰው ጂጂንና ሞተርሄድን በአንድ ጆሮ መስማት ችሏል፤ እኛ በሁለት ጆሯችን አቃተን።

እንግዲህ ምን እንስማ ለሚለኝ፦ መጀመሪያ ዓለሙ አጋን፣ ኢትዮፒክስ ከሚባሉት አልበሞች ቁጥር 11፣ ማታ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ወዲያው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»ን አስከትሉ፤ መካከላቸው ሻይ እንኳ አታፍሉ። ለክራር አስናቀች ወርቁ፣ ቁጥር 16፤ ያቺ ሴት አውታሩን ትነካ የነበረው ነገር እንደሚፈልግ ሰው ነው። ከውጭ አገር የሞንጎሎቹን ባንድ ዘ ሁን፤ የፈረስ ራስ ያለው ማሲንቋቸው ሁለት የጭራ አውታር አለው፣ የእኛ አንድ። በዚያ ባለሁለት አውታር ማሲንቆ የሜታል መድረክ ላይ ወጥተው ዓለምን ዞሩ። እኛ ያንዷንም ጭራ መንካት ተጠይፈን በአየር ላይ እንገዘግዛለን።

ያን የሠርግ ልጅ ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። በፍላሚንጎ መንገድ በገና ከፈትኩለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፣ እንዚራ የሚለውን ቃልም ስልኩ ላይ ጻፈው። በሳምንቱ አባቱ ደወለ።

«እንዲያው አንተ ሰው፣ ልጄን ምን አደረግህብኝ? በገና ካላመጣህልኝ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። እኔ እኮ ለልደቱ ኪቦርድ ልገዛለት ነበር።»

«ግዛለት» አልኩት። «ማሲንቆ የሚለውን ቁልፍ ግን ንቀልልኝ።»