ፒራሚዱን ለሠሪው መልሱለት

«ግብፅ ፒራሚድ አለ፤ ሜክሲኮም ፒራሚድ አለ፤ እንግዲያው ያስተማራቸው አንድ የጠፋ ሕዝብ ወይም ከሰማይ የወረደ ፍጡር መሆን አለበት» የሚለው ስብከት ዛሬም ምእመን አላጣም። መጽሐፍ የሚያገላብጡ ወዳጆቼ ሳይቀሩ እየተደመሙ ሲያወሩት እሰማለሁ። መደመማቸውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው አድናቆቱ በማን ኪሳራ እንደሚገዛ አለመጠየቃቸውን ነው።

አውድማ ላይ እህል ሲከመር ያየ ሰው ስለ መልኩ ምስጢር መምህር አያሻውም። በድንጋይና በአፈር ከፍ ያለ ነገር ለማቆም የተነሣ ሕዝብ ሁሉ ከታች አስፍቶ ወደ ላይ ማጥበብ ግድ ይሆንበታል፤ ያለዚያ ይናድበታል። ቀረብ ብለን ስናየው ደግሞ ዝምድናው ይላላል። የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ የተሠራ የንጉሥ መቃብር ነው። የቴኦቲዋካኑ የፀሐይ ፒራሚድ ከልደት በኋላ በ200 ገደማ የቆመ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ በአናቱ ቤተ መቅደስ የተሸከመ ነበር። በኡር ደግሞ የጭቃ ጡብ ከምረው ውጭውን በእሳት በተተኮሰ ጡብና በሬንጅ ለበጡት። ለመሆኑ አንዱን ተማሪ አስተምሮ ሌላውን 2700 ዓመት ያህል ደጅ የሚያስጠና ምን ዓይነት መምህር ነው?

ከሰማይ የወረደ ጥበብስ ይሳሳታልን? ግብፃውያን ተሳስተዋል። በዳህሹር ለንጉሥ ስነፍሩ የጀመሩትን ፒራሚድ በ54 ዲግሪ ያህል ተዳፋት አስነሥተው፣ ነገሩ ሲያሰጋቸው ከመካከል ላይ ወደ 43 ዝቅ አደረጉት፤ ጎባጣው ዛሬም እዚያው ቆሟል። ቀጣዩን ከመነሻው በ43 ገደማ ሠሩት። የጊዛው የመጣው ከዚህ በኋላ፣ በልጁ በኩፉ ዘመን ነው። ስርዝ ድልዙ ያልጠፋ የተማሪ ደብተር ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዋዲ አል ጃርፍ፣ የሜረር መዝገብ ተገኘ። ሜረር በኩፉ ዘመን የሠራተኞች አለቃ ነበር፤ ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ ወደ ጊዛ ያመላለሰበትን ቀን በቀን ጽፎ አቆይቷል። አብረውት ከተገኙት ፓፒረሶች መካከል የቀለብ ገቢና ወጪ የሰፈረባቸው አሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ባንክ ውስጥ ገቢና ወጪ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝና፣ ይህ መዝገብ ከየትኛውም ተረት ይልቅ ልቤን ነካው። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የዳቦ ሂሳብ ያወራርዳልን?

የኮሎኝን ካቴድራል ማን ሠራላችሁ ብሎ ጀርመኖችን የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥያቄው የሚቀርበው ለግብፅ፣ ለሜክሲኮ፣ እንዲሁም ለእኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ከጥንታውያኑ ሐውልቶች ጀርባ የጠፋ ሥልጣኔ ያቆመው ግርሃም ሃንኮክ፣ በ1992 ስለ ታቦተ ጽዮን በጻፈው መጽሐፉ ደግሞ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሥራ የአውሮፓ ቴምፕላሮች እጅ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎናል። ትውፊታችን ቀን ሰው ሲፈለፍል ውሎ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉበት ነበር ይላል። መላእክቱ እንኳ የቀኑን ሥራ ለላስታ ጠራቢ ትተውለት ነበር።