የአላታ ድልድይና የኖራ ዕውቀት
በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ዓባይን የሚሻገረውና በተለምዶ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚባለው የአላታ ድልድይ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1626 ገደማ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን፣ ኖራ ማለት የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎና በውሃ ተለውሶ የሚገኝ፣ ከአሸዋ ጋር ሲቀላቀል ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዝ ማጣበቂያ ነው። የድልድዩ ክብደት በቅስቶቹ በኩል ወደ ዳርና ዳር ዐለቶች እየተላለፈ ስለሚያርፍ፣ ያለ ብረት ዘመናትን ተሻግሯል፤ ሆኖም ይህ ጥንካሬው ሰዎችን ሊያዘናጋ አይገባም። ከእርሱ በታች በዚያው ወንዝ ላይ ያለውና በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ፣ የሁለቱ ዳር ነዋሪዎች ለረጅም ዓመታት በገመድ እየተጎተቱ ለመሻገር ተገደዋል። እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ድልድዮች ሲጎዱ በሲሚንቶ መጠገን እንደ ጥበቃ መቆጠሩ እጅግ ያሳዝናል፤ ሲሚንቶ ከጥንቱ ኖራ ይልቅ ግትርና እርጥበት የማያሳልፍ በመሆኑ፣ በግንቡ ውስጥ የገባውን ውሃ አፍኖ ድንጋዩን ራሱን ይሰነጥቃል፣ ጥገናውም ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም ሆነ ክልሎች ከሁሉ በፊት ኖራ አቃጣይና ድንጋይ ጠራቢ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ይኖርባቸዋል።