ሪባውን ጠየቅን፣ መዝገቡን ረሳን



አዲስ ባንክ ወይም የገንዘብ መተግበሪያ ሲመጣ እኛ ሙስሊሞች መጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሪባ አለበት ወይ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ስንጠይቀው ኖረን በ2013 ዘምዘም ባንክ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ሲጀምር፣ ሂጅራ ባንክም ሲከተል፣ አልሐምዱ ሊላህ አልን። ሁለተኛው ጥያቄ ግን የት ሄደ? ሂሳቤ የተጻፈበት መዝገብ የት ነው ያለው? ማን ያየዋል? እጅ ቢያልፍበትስ ተጠያቂው ማን ነው? ሪባ ሐራም እንደሆነ ሁሉ ኺያናም ሐራም ነው። አንዱን በር ዘግተን ሌላውን ወለል አድርገን ከፍተናል።

ነገሩን ከራሳችን ገበያ ልጀምር። በሸሕዲም ሆነ በመተማ ሰሊጥ ማለት የዓመት ኑሮ ነው። ድሮ ገበሬው ዋጋ የሚሰማው ከደላላ አፍ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ሥራ ጀምሮ ሰሊጥም በእሱ በኩል መሸጥ ከጀመረ በኋላ፣ ዋጋው በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና በስልክ ለሕዝብ ይታይ ጀመር። ዛሬ ደግሞ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ ድርጅቶች ነጋዴው የራሱን ሽያጭ በስክሪን የሚያይበት ገጽ ይሰጡታል። ባለሙያዎቹ «ዳሽቦርድ» ይሉታል። ነገ የሰሊጥ ነጋዴውን ሂሳብ የሚይዝ ስታርትአፕ እዚሁ ሸሕዲ ቢከፈት አይገርመኝም። ቢከፈትም ደስ ይለኛል። በቁርኣን ውስጥ ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ስም የተጠራ ሙሉ ሱራ አለ፤ አል-ሙጠፊፊን። ለባለገንዘቡ ሂሳቡን ግልጥልጥ አድርጎ ማሳየት የዚያ ተቃራኒ ነው።

ታዲያ ክርክሩ ምኑ ላይ ነው? ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ላይ ነው። እኔ ኪታብ እንጂ ኮምፒውተር አልቀራሁም፤ ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁት ግን ይህ ነው። የድርጅቱ ዋና መዝገብ እያንዳንዱን ሽያጭ በየተራ ይጽፋል። አንድ ነጋዴ «የሦስት ዓመት ሽያጬን በየወሩ ደምረህ አሳየኝ» ሲለው ግን ይጨናነቃል፤ ሺህ ነጋዴ በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ደግሞ ሥራው ሁሉ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ መዝገቡ ለመደመርና ለማነጻጸር ወደተሠራ ሌላ ዳታቤዝ ይገለበጣል። እንደ ክሊክሃውስ፣ ስኖውፍሌክና ቢግኩዌሪ ያሉት ዳታውን በመስመር ሳይሆን በዐምድ ስለሚያስቀምጡ ሚሊዮን ቁጥር በቅጽበት ይደምራሉ። አነስተኛ ድርጅት ይህን ራሱ ተክሎ ማስተዳደር ስለሚከብደው ከውጭ ኩባንያ ይከራያል። በአጭሩ፣ የአንተ ሂሳብ ቅጂ ሌላ ሰው ቤት ገባ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይሳሳታል።

አንደኛው «የካፊር ሰርቨር ነው፣ ሐራም ነው» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለሂጅራ ሲወጡ መንገድ እንዲመራቸው የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ሙሽሪክ ነበር። ግመሎቻቸውንም የጉዟቸውንም ምስጢር ሰጥተውታል፤ የቀጠሩት ሙያውንና ታማኝነቱን አይተው ነው። መከራየት በራሱ ሐራም አይደለም። ደግሞስ በሱቅ ጥግ ምስጥ የሚበላው፣ አላፊ አግዳሚው የሚገልጠው የዱቤ ደብተር ከዚህ ይሻላል ያለው ማን ነው?

ሁለተኛውና የባሰው «ይህ የቴክኖሎጂ ጉዳይ ነው፣ ሃይማኖት ምን አገባው? ጥበቃውን አከራዩ ኩባንያ ይዞታል» የሚለው ነው። ፊቅህማ ከኮምፒውተር በፊት ተናግሮበታል። በኢማም ነወዊ ሚንሃጅ የአደራ ምዕራፍ ላይ እንደምንቀራው፣ አደራ የተቀበለ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ያለ ዑዝር ለሌላ ሰው አሳልፎ ካስቀመጠው ዳሚን ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ ይከፍላል። «የሰጠሁት ለታማኝ ሰው ነበር» ማለት አያድነውም። «መዝገብ እኮ ሲገለበጥ ዋናው አይጎድልም» የሚል ይኖራል። ወርቅ ሲሰረቅ ከሣጥኑ ይጎድላል፤ ምስጢር ግን ቦታው ላይ እንዳለ ይሰረቃል። ጉዳቱ ያለው መገልበጡ ላይ ነው። ቂያሱን ለዓሊሞቻችን አቀርባለሁ፤ እኔ ግን ጠንካራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማስረጃ ለሚፈልግ ዓለም አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሌቦች በተሰረቀ የይለፍ ቃል የስኖውፍሌክ ደንበኛ ወደሆኑ ብዙ ድርጅቶች መዝገብ ገቡ። ከተጎዱት አንዱ የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ነው፤ የሞባይል ደንበኞቹ ከሞላ ጎደል የሁሉም የስልክ ጥሪ መዝገብ እንደተወሰደበት ራሱ አሳወቀ። የአከራዩ ግንብ አልፈረሰም። የተሰረቀው የተከራዮቹ ቁልፍ ነው፤ በሩ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንኳ አልነበረበትም። ቤት ያከራየህ ሰው ቁልፍህን አይጠብቅልህም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ከሂሳብ ያለፈ ነገር ነው። በዚህ ቆላ ሰው ታግቶ ገንዘብ እንደሚጠየቅበት ሁላችንም እናውቃለን። እገሌ ስንት ኩንታል ሸጠ፣ በየትኛው ቀን ብር ገባለት የሚለው ቁጥር በተሳሳተ እጅ ቢገባ ነፍስ ይጠይቃል። የሁሉም ነጋዴ መዝገብ በአንድ ዳታቤዝ ሲከማች አንዱን ከሌላው የሚለየው ፕሮግራመሩ የሚጽፈው ማጣሪያ ነው። እሱ ከተዘነጋ ጎረቤትህ የአንተን ሽያጭ በራሱ ስልክ ያየዋል።

ሌላም አለ። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ቅጂውን ስለሆነ ከዋናው መዝገብ ሊዘገይ ይችላል። የጠዋቱን ቁጥር የአሁን አስመስሎ ማሳየት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ከተው ከታች እርጥብ ሆኖ ያገኙትን፣ ከላይ ግን ደረቅ የነበረውን የእህል ክምር ይመስላል። ያ ነጋዴ እርጥቡን ከላይ አድርጎ እንዲያሳይ ነው የተነገረው። «ይህ ሂሳብ እስከዚህ ሰዓት ያለው ነው» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው።

የአማራ ክልል ሰውም አንድ ነገር አይረሳም። ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦብናል። ሂሳቡ በውጭ አገር ዳታቤዝ፣ ስክሪኑ በእጅህ፣ መሐሉ ግን ዝግ። በቁርኣን ረጅሙ አያ በአል-በቀራ ያለው የዕዳ አያ ነው፤ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር እንዲያዝ ያዝዛል። ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ጽሑፍ ምን ዓይነት ምስክር ነው? ስለዚህ በአጭር መልእክትም በወረቀትም ሂሳቡን የማይሰጥ ድርጅት ለእኛ አገር አልተሠራም።

«ጀማሪ ወጣቶችን በሸክም አትግደሏቸው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሸክሙ የቱ ነው? ቅጂው የት፣ በማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ? በበሩ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማድረግ? ለድምር የማያስፈልገውን ስምና ስልክ ከቅጂው ማውጣት? ደንበኛው ሲወጣ መዝገቡን ማጥፋት? አገሪቱም በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። ሸሪዓው ከዚያ በፊት ጠይቆናል፣ ሕጉ አሁን ይጠይቀናል፤ ምን ቀረ?

ነጋዴ ወንድሞችና እህቶች፣ የሚያምር ስክሪን ሲያሳዩአችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ቅጂው የት ነው? ቢወጣ ማን ይከፍላል?» በሉ። ዱዓት ወንድሞቼ፣ የሪባውን ደርስ ስትሰጡ የአማናውን አትርሱ። እናንተ ኮምፒውተር የተማራችሁ ልጆቻችን ደግሞ፣ ተከራዩ፣ ሥሩ፣ አሳዩን፤ ግን ሳትነግሩን የእኛን አደራ በሌላ ሰው ቤት አታሳድሩ። በዚያ ቀን የሚጠየቀው አከራዩ ብቻ አይደለም፤ ከእጃችን የተቀበለው እናንተ ናችሁ።

ወላሁ አዕለም።