ኔጋቲቩን ከመጣልዎ በፊት

ይድረስ በቁም ሣጥንዎ ጥግ የድሮ ፊልም ላለዎት፤

ይህን የምጽፍልዎ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ነው። ከመሀል ከተማ ተነሥተን ወደዚህ ስንመጣ አልበሙን በጋቢ ጠቅልለን በእቅፋችን ያዝነው፤ ኔጋቲቩን ግን «ፎቶው ከታጠበ በኋላ ምን ይሠራል?» ብለን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር የጣልን ብዙ ነን። ከእናቴ ቤት የተረፈው አንድ የብስኩት ጣሳ ነው። ከውስጡ አንዷን ጠርዟን ይዤ ወደ መስኮቱ አነሣኋት። ነጩ የሐበሻ ቀሚስ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ፀጉር ነጥቶ፣ አያቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ሥዕል ካለበት መጋረጃ ፊት ቆማለች። የታተመው ፎቶ ከጠፋ ቆይቷል።

የነገሥታቱን ምስል ያስቀመጠላቸው አላጡም። እንደ አርመናውያኑ ቦያጂያኖች ያሉ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሯቸው። የእኛን ወላጆች የምናስቀምጣቸው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የተሠራው ከነዋሪዎች የቤተሰብ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው። ያን መጽሐፍ ያየ ሰው በየቤቱ ምን እንዳለ ይገባዋል።

ኔጋቲቩን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት እኔ መጀመሪያ የገዛሁት በመዳፍ የሚያዝ ርካሽ ማንበቢያ ነበር። ስካነር ይባል እንጂ ውስጡ ትንሽ ካሜራና መብራት ነው፤ አንዴ ክሊክ አድርጎ ይጨርሳል። ነጭ ልብስ ላይ ያለውን ጥልፍ በሙሉ አጠፋብኝ። ከሁሉ የከፋው ግን የአያቴ ፊልም አልገባለትም። እንዲህ ያሉት ሣጥኖች በአብዛኛው የሚቀበሉት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው፤ ፎቶ ቤቶች በድሮ ጊዜ ያነሡበት የነበረው ግን ብዙውን ጊዜ ሰፊው፣ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ጣሳዎን ይክፈቱና ፊልምዎን በማስመሪያ ይለኩ። ምክሬ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው የሚመለሱም አሉ። ተራው የቢሮ ስካነር ብርሃኑን ከሥር አብርቶ ከወረቀቱ ላይ የሚመለሰውን ነው የሚያነበው። ኔጋቲቭ ደግሞ ብርሃን በውስጡ አልፎ ካልመጣ ጥቁር ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። መፈለግ ያለበት ክዳኑ ውስጥ የራሱ መብራት ያለው ጠፍጣፋ ስካነር ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያታልልዎ። ኤፕሰን ቪ600 በተባለው ጠፍጣፋ ስካነር ላይ 6400 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) ተብሎ ተጽፏል፤ በፈተና ሲለካ ግን በአንድ ኢንች ለይቶ የሚያሳየው ወደ 1500 ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ስለሰሙ አይናቁት። በ1500 የተነበበ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም 12 በ18 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጥርት ብሎ ይታተማል። ሰፊው ፊልም ደግሞ ወደ 28 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያለዎት 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነና በጣም አጉልተው ማተም ከፈለጉ፣ እንደ ፕለስቴክ 8100 ያለው የፊልም ብቻ ስካነር እጥፍ ዝርዝር ያወጣል፤ ሰፊውን ፊልም ግን ከነጭራሹ አይቀበልም። ድብልቅ ፊልም ላለው ቤት የእኔ ፍርድ ጠፍጣፋው ነው።

«አቧራ በራሱ ያጠፋል» ለሚል ማሽን ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊትም ያስቡ። በማይታይ ብርሃን አቧራና ጭረትን የሚለየው ዘዴ ለቀለም ፊልም ግሩም ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ ራሱ ብር ስለሆነ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ማሽኑ ፊቱን ከጭረቱ አይለየውም። ለእሱ የሚበጀው በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያና ትዕግሥት ነው። በጨርቅ አይጥረጉት።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያስነብቡ። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። መብራት ሊሄድብዎ ስለሚችልም እያንዳንዱን ፎቶ እንደጨረሱ ሴቭ ያድርጉ።

እስከዚያው የሚቸኩል ካለ፣ ስልክ ይበቃል። የአንዱን ስልክ ስክሪን ነጭ አድርገው ያብሩ፣ ፊልሙን ከስክሪኑ ጥቂት ጣት ከፍ አድርገው ይያዙ፣ አለበለዚያ የስክሪኑ ነጠብጣብ ይወጣል። ዙሪያውን በጥቁር ወረቀት ከልለው በሌላ ስልክ ያንሡ። ስካነርን አይተካም፤ ማን እንደሆነ ግን ይታያል።

የአያቴን ፊልም በመጨረሻ ያነበብኩት በተዋስኩት ጠፍጣፋ ስካነር ነው። የጥለቱ መስመር አንድ በአንድ ተለየ። እናቴ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችና መጀመሪያ የጠራችው የእናቷን ስም አልነበረም፤ ከኋላ በከፊል የምትታየውን፣ እኛ ከቁብ ያልቆጠርናትን ትንሽ ልጅ ነው። ታላቅ እህቷ ነበረች። ስሟን ፋይሉ ላይ ጻፍኩት፤ ዓመቱንም «ዓ.ም.» ብዬ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ከሚጽፈው የፈረንጅ ቀን እንዳይምታታ።

አንድ ቤት ማሽኑን የሚፈልገው ለጥቂት ሳምንት ነው። ስለዚህ ብቻዎን አይግዙት። ከወንድም ከእህት ጋር፣ ወይም በብሎኩ እድር አዋጡና አንዱን ደህና ግዙ፤ በተራ ከቤት ቤት ይዙር። ተራውን ደግሞ እናትና አባታቸው በሕይወት ካሉላቸው ቤት ጀምሩ፤ ስሙን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።