«ግሉኮስ ለምን አልሰቀላችሁለትም?»

ፒያሳ ላይ ሰው በድንገት ሲወድቅ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መንገደኛው ይሰበሰባል፤ አንዱ ውሃ ያፈሳል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸታል። አምቡላንስ ሲደርስ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ወደ ባለሙያው ይዞራል። «ግሉኮስ ለምን አትሰቅሉለትም? ኦክስጅኑስ?» ባለሙያው መርምሮ፣ ምንም ሳይሰቅል ሕመምተኛውን ይዞ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ከወረደ «ምንም ሳያደርጉለት ወሰዱት» ተብሎ ይታማል።

በእኔ እምነት ለአምቡላንስ ባለሙያ ከሚከብዱት ውሳኔዎች አንዱ መቼ አለመስጠት እንዳለበት ማወቅ ነው። ይህ ዕውቀት የሚገኘው የሕክምና ምርምርን አንብቦ ለራስ ሕመምተኛ ይሠራ እንደሆነ ከመመዘን ነው። ስለዚህ ምርምር ማንበብ የፕሮፌሰሮች ሥራ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ልንተወው ይገባል።

ሁላችንም ግሉኮስ ብለን የምንጠራውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ እንውሰድ። ሰውነቱ ለተዳከመ ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ለረጅም ጊዜ ያለ ጥያቄ ሲሠራበት የቆየ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ፊስት የተባለው ጥናት ውጤት ታተመ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተካሄደ ሲሆን፣ ከባድ ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ከ3 ሺህ 100 በላይ ሕፃናትን አካቷል። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። በፍጥነት ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት ግን 7 በመቶ ገደማ ነበሩ። በቅን ልቦና ሲሰጥ የኖረ ሕክምና እየጎዳ መሆኑ የታወቀው ተመዝኖ ሲታይ ነው።

ታዲያ ፈሳሽ ሁሉ ጎጂ ነው ማለት ነው? አይደለም። ባለሙያው ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጥናቱ የተሠራው በማን ላይ ነው?» የሚል ነው። በተቅማጥ ሰውነታቸው የደረቀ ሕፃናት በዚህ ጥናት አልተካተቱም። ስለዚህ ለእነርሱ ፈሳሽ ዛሬም ሕይወት አድን ነው። የጥናቱን ርዕስ ብቻ አንብቦ ለተቅማጥ ሕመምተኛ ፈሳሽ የሚከለክል ባለሙያ፣ ጭራሽ ካላነበበው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የት ተሠራ?» ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ አንድ የስዊድን ጥናት ድንገተኛ የልብ ጥቃት የተጠረጠረባቸውን 6 ሺህ 629 ሰዎች ተከታትሏል። በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕመምተኞች ተጨማሪ ኦክስጅን መስጠት በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከመስጠት በፊት መለካት ያስፈልጋል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የሚኖር ጤነኛ ሰው ጣቱ ላይ የሚደረገው መሣሪያ የሚያሳየው ቁጥር በቆላ ወይም በባህር ዳርቻ ከሚኖረው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ሥራ ላይ ማዋል አይበቃም። ትንፋሽ ያጠረውና መጠኑ የወረደበት ሰው ግን ኦክስጅን ሳይዘገይ ሊያገኝ ይገባል።

ሦስተኛው «በስንት ሰዓት ውስጥ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ክራሽ 2 የተባለ ጥናት በ40 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ የአደጋ ተጎጂዎችን ይዞ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም መፍሰስን የሚገታ መድኃኒት የሞት መጠንን እንደሚቀንስ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ትንተና ደግሞ ጥቅሙ አደጋው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ መሆኑን፣ ከዚያ ካለፈ ግን ሊጎዳ እንደሚችል አመለከተ። አመሻሽ ላይ ከደረጃ ወድቆ ጠዋት ለተገኘ ሰውና አሁን መኪና ለገጨው ሰው ያው መድኃኒት ያው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ባለሙያው ማታ ያነበበውን አንድ ጥናት ይዞ ጠዋት በራሱ ሥልጣን አሠራር መለወጥ የለበትም። ያነበበውን ለሥራ ባልደረቦቹና ለኃላፊ ሐኪሙ አቅርቦ፣ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ተነጻጽሮ፣ መመሪያው በጋራ ሲሻሻል ነው ለውጡ የሚጸናው። ለዚህ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። የአምቡላንስ አገልግሎት ሰጪዎች ለባለሙያዎቻቸው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የንባብና የውይይት ሰዓት ቢመድቡ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሆስፒታሎችም ድርሻ አላቸው። ብዙ ጊዜ ባለሙያው ሕመምተኛውን ድንገተኛ ክፍል አስረክቦ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ይዳን ይሙት አያውቅም። የሥራውን ውጤት የማያውቅ ሰው ከሥራው ሊማር አይችልም። ከአራዳ ጤና ጣቢያዎች እስከ ትላልቆቹ ሆስፒታሎች ድረስ፣ የሕመምተኛው ውጤት ተመልሶ ለአምቡላንሱ ሠራተኞች የሚደርስበት አሠራር ቢዘረጋ የራሳችንን ማስረጃ በራሳችን ከተማ መሰብሰብ እንጀምራለን።

እርስዎስ ምን ያድርጉ? በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንን በ939፣ ቀይ መስቀልን በ907 ይጥሩ። አደጋው ወይም ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አያጠጡ። ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሰብስበው ለባለሙያው ይስጡ። ባለሙያው አንድን ነገር ያልሰጠበትን ምክንያት ቢጠይቁ መብትዎ ነው፤ «እንዲህ ካልሰጠህ» ብለው ግን አያስገድዱት።