የሰፈር መንገድ መብት እንጂ ስጦታ አይደለም



ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሞያሌ የሚደርሰው አስፋልት ዲላን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። በኢዲዶና በሌሎች የይርጋጨፌ ቀበሌዎች የተለቀመው፣ በባሕር ማዶ በቀበሌው ስም ሳይቀር የሚሸጠው ቡና ወደ ገበያ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። በየመጋዘኑ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ እናቶች ግን ከሥራ ወጥተው ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፉ የሚቀበላቸው ቀይ ጭቃ ነው።

ጌዴኦ ዝናብ የማይለየው አገር ነው። ቦይ በሌለው ጠባብ መንገድ የሚወርድ ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ እየቀላቀለ ከታች ባለው ጎረቤት ግቢ ይተኛል። ምጥ የያዛት እናት ባጃጅ እስከሚገኝበት በሰው ትከሻ ትወሰዳለች። እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና አይገባም። ይህ ችግር የጤና፣ የሕይወትና የፍትሕ ጥያቄ ነው።

መፍትሔው አገራችን ያልሞከረችው ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በድሬዳዋ የተሞከረው የጌጠኛ ድንጋይ ንጣፍ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቶ ለበርካታ ወጣቶች ሥራ ፈጥሯል። ድንጋዩ በአገር ውስጥ ይገኛል፤ የሚጠረበውም የሚነጠፈውም በሰው እጅ ነው። ቢበላሽ ተነስቶ መልሶ ይነጠፋል። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። በከተሞቻችን እንደተለመደው ነዋሪው መዋጮ ሲያሟላ መንግሥት የቀረውን ከሸፈነ፣ ቀድሞ የሚነጠፍለት ገንዘብ ያለው ሰፈር ይሆናል። ጎርፍ የሚተኛበት የድሃ ሰፈር ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ክልል ከተሞችም የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ዋናውን ጎዳና ማስዋቡን አንጠላም። ነገር ግን የፊት ለፊቱ አጥር አምሮ ጓዳው በጭቃ ከተዋጠ ከተማ ለማ አይባልም።

ታዲያ ቅደም ተከተሉን ማን ይወስናል? ሕገ መንግሥቱ መልሱን ሰጥቷል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። በተግባር ግን የአካባቢ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። የአምስት ዓመት ውክልና ያለ መራጩ ፈቃድ ሲረዝም፣ ስለ ሰፈሩ መንገድ በድምፁ የሚጠይቀው ሰው ያጣው ነዋሪ ነው። ጌዴኦ በሶንጎ ተቀምጦ በአደባባይ የመምከር የቆየ ባህል ያለው ሕዝብ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስለገዛ ደጁ ውሳኔ ከሌላ ሰው ሊሰማ አይገባውም።

ስለሆነም ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1. የአካባቢ ምርጫ በሕጉ የጊዜ ገደብ እንዲካሄድ በምክር ቤት ይታገላል።

2. የመንገድ ሥራ ቅደም ተከተል በጎርፍ ተጋላጭነትና በነዋሪው ብዛት እንዲወሰን፣ ዝርዝሩም ከነበጀቱና ከነሥራ ተቋራጩ ስም በየቀበሌው እንዲለጠፍ ያደርጋል። መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተረጋገጠ መብት ነው።

3. በገንዘብ መዋጮ ምክንያት ማንም ሰፈር ወረፋውን እንዳያጣ፣ አቅም የሌለው ነዋሪም መዋጮ አልከፈልክም ተብሎ የቀበሌ አገልግሎት እንዳይከለከል ይሠራል።

4. ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይና የውኃ መስመር እንዲቀድም፣ ቦዩም ከታች ከመውጫው ተጀምሮ ወደ ላይ እንዲሠራ ያደርጋል። የተነጠፈውን የሚቆፍር መሥሪያ ቤት እንደነበረ መልሶ የመንጠፍ ግዴታ ይኖርበታል።

5. መንገድ ለማስፋት ቤቱ የሚነካበት ባለንብረት በአንቀጽ 40 መሠረት ካሳውን በቅድሚያ ያገኛል። በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይም ምትክ ሳይሰጠው እንዳይነሳ እንቆማለን።

ሁሉም መንገድ በአንድ የምርጫ ዘመን ይነጠፋል ብለን አንዋሻችሁም፤ የከተማው ገቢ ይህን አይፈቅድም። ቃል የምንገባው ተራችሁ መቼ እንደሆነ እንድታውቁ፣ ተራው ከተዛባም የምትጠይቁት ሰው እንዲኖራችሁ ነው።

በምርጫ ሰሞን አንድ ገልባጭ መኪና ገረገንቲ ሰፈራችሁ ቢደፋ ተቀበሉት፤ የከፈላችሁት ግብር ነውና። ድምፃችሁን ግን አትሸጡበት። ገረገንቲው በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል፤ የሰጣችሁት ድምፅ ግን አምስት ዓመት ይቆያል።