«በነፃ እኮ ነው ያረገዘችላቸው»

መውለድ ያልቻሉ ባልና ሚስት በሌላ ሴት ማህፀን ልጅ አገኙ የሚል ወሬ በውጭ አገር በሚኖረው ሐበሻ መካከል ሲነሳ ፍርዱ አይዘገይም። ከፍለው ከሆነ «ልጅ ገዙ» ይባላሉ። ያረገዘችላቸው እህት ወይም የአክስት ልጅ ከሆነች ግን ድምፁ ሁሉ ይለሰልሳል፤ «በነፃ እኮ ነው፣ ለእህቷ ብላ» ይባልና ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ቡናው ይመለሳል። ተከፈላት ወይስ አልተከፈላትም የሚለው ይነሳል፣ ይጣላል። ሴትዮዋ እምቢ ማለት ትችል ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ቋንቋውም ለዚህ ፍርድ አግዟል። ነገሩ በአማርኛ የሚታወቀው «የማህፀን ኪራይ» በሚል ስም ነው። ስሙ ገና ሲጠራ ውልና ብር አለበት፤ ስለዚህ ያለ ክፍያ የሚደረገው ስም አጥቶ ከነውሩም ከምርመራውም አምልጧል። (ማህፀኗ የሚከራይ ቤት ከሆነ እሷ ራሷ ማን ልትሆን ነው? ስሙን ያወጣው ሰው እዚህ ድረስ ያሰበበት አይመስልም።) «ምትክ እናት» የሚለው ቢያንስ አንድ ሰው እንዳለች ያስታውሳል።

ሂደቱን በሩቁ የሚያውቅ «ዘጠኝ ወር ነው፣ ያልፋል» ይላል። ሥራው የሚጀምረው ግን ከእርግዝናው በፊት ነው። ሽሉ የሚሠራው በቤተ ሙከራ፣ ከባልና ሚስቱ እንቁላልና ዘር፣ አንዳንዴም ከለጋሽ ነው፤ እንቁላሉ የተሸካሚዋ አይደለም። ማህፀኗ እንዲቀበለው ለሳምንታት ኤስትሮጅን ትወስዳለች፤ ቀጥሎ ፕሮጄስትሮን ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም በየቀኑ መቀመጫ ላይ የሚወጋ፣ በዘይት የተበጠበጠ፣ ቦታውን የሚያሳብጥ መርፌ ነው። ሽሉ ካልያዘ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ከያዘ ደግሞ እርግዝናው ከተራው እርግዝና የከበደ አደጋ አለው። በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2021 የነበሩ ከ860 ሺህ በላይ ወሊዶችን የመረመረ፣ በ2024 የታተመ ጥናት፣ ያለ ሕክምና እርዳታ ካረገዙት እናቶች መካከል ከባድ የጤና እክል የገጠማቸው 2.3 ከመቶ፣ በአይቪኤፍ ለራሳቸው ካረገዙት 4.3 ከመቶ መሆናቸውን ያሳያል። ከምትክ እናቶቹ መካከል ግን 7.8 ከመቶ ናቸው።

ቁጥሩ የካናዳ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለምትክ እናት መክፈልን በወንጀል የምትቀጣ አገር ናት፤ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስርና እስከ 500 ሺህ የካናዳ ዶላር ይደርሳል። የሚፈቀደው በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ መተካት ብቻ ነው። እነዚያ ከባድ እክል የገጠማቸው ሴቶች ሕጉ እንደሚለው ከሆነ በደግነት ያረገዙ ናቸው። ደም መፍሰሱና የደም ግፊቱ በደግነት ያረገዘችውን ለይቶ አይምርም። ደግነቷን ያመሰገነው ዘመድ ሁሉ ይህን ቁጥር አስቀድሞ ነግሯት ይሆን?

የብዙ አገር ሕግ አውጪ እንደዚሁ ነው ያሰበው፤ ገንዘቡ ከወጣ ግፊቱም አብሮ የሚወጣ መስሎታል። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረበ ረቂቅ ሕግ ከዚህም አልፎ፣ ምትክ እናት መሆን የምትችለው የባልና ሚስቱ የቅርብ ዘመድ ብቻ ናት፣ ክፍያም የላትም ብሎ ነበር። ረቂቁን በ2017 የመረመረው የፓርላማ ኮሚቴ ግን በሕንድ ቤተሰብ ውስጥ ማን ማንን ማዘዝ እንደሚችል የሚያውቁ ሰዎች ስብስብ ነበር። ዘመድን ያለ አንዳች ክፍያ እንድትሸከም መጠበቅ ራሱ ብዝበዛ እንደሆነ፣ የቤተሰብ ጫናም ሊያስገድዳት እንደሚችል ጽፏል። በ2021 የጸደቀው ሕግ የዘመድነቱን ግዴታ ተወው፤ ክፍያውን ግን እንደከለከለ ቀረ።

የሕንድ ኮሚቴ የተናገረው ነገር በአማርኛ አንድ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። ሌላም አለው፤ ውለታ።

አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት ሴት ትታሰብ። ሁለት ልጆች አሏት። ታላቅ እህቷ ሜሪላንድ ናት፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያም የእናታቸውን የስኳር መድኃኒትም የምትልከው እሷ ናት። ታላቅየዋ በፋይብሮይድ ምክንያት ማህፀኗ ወጥቷል። ኀዘኗ እውነተኛ ነው፤ በየክርስትናው ግብዣ «መቼ ነው የምታሳዪን?» ስትባል፣ በየምርቃቱ «ማህፀንሽ ይለምልም» ሲሉባት ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። ታላቅ እህት በራሷ አፍ አትጠይቅም፣ ይከብዳታል። የምትጠይቀው እናት ናት። ደግሞም አትጠይቅም፤ ታለቅሳለች። «ሳልሞት የልጇን ልጅ ባይ» ትላለች። ቀጥሎ አጎት ይደውላል፣ ከዚያ የንስሐ አባት ሳይቀሩ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው ልጄ» ይላሉ። ታናሽየዋ «እሺ» ትላለች። ይህ «እሺ» ፈቃድ ተብሎ ይመዘገባል፣ ሐኪሙም ወረቀቱ ላይ ያስፈርማታል።

አሁን ለገንዘብ ብላ ካረገዘች የማትታወቅ ሴት ጋር ትተያይ። ያቺ አሜሪካዊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ትቀበላለች፤ ጠበቃ አላት፣ ሐሳቧን ከሽሉ ዝውውር በፊት ብትለውጥ የምታጣው ክፍያውን ነው። ታናሽ እህት ሐሳቧን ብትለውጥ የምታጣው ታላቅ እህቷን፣ እናቷን፣ ምናልባትም የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። የመጀመሪያዋ ፅንሱ ቢወርድባት ሐዘን ይገጥማታል፤ ሁለተኛዋ «ምን ተሸክማ ነው? ለምን አልተኛችም?» ትባላለች። ቅሬታዋን ለማን ታቅርብ? ዳኛው ሁሉ ዘመድ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላም በየበዓሉ እያየችው «አክስት» እየተባለች ትኖራለች፤ ለዚያ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ መጠየቁ ራሱ ደግነቷን እንደ መጠራጠር ይቆጠራልና።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ «እንደ ልጃችን ናት» እየተባለች ያለ ደመወዝ ልጅ ስታዝል፣ ልብስ ስታጥብ የኖረችበት ቤት ስንት ነው? በዚያ ቤት ያደገ ሰው ዘመድ በነፃ የሠራው ሥራ ሁሉ በፈቃድ የተሠራ ነው ብሎ ለመማል ሊቸገር ይገባው ነበር። የአብርሃምንና የሣራን ቤት ታሪክም የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። አጋር አልተከፈላትም፤ ማንም «ንግድ ነው» ሊል አይችልም። ፈቃዷ የተጠየቀበት ቦታም በታሪኩ ውስጥ አይገኝም። በመጨረሻም ልጇን ይዛ፣ እንጀራና የውሃ አቁማዳ ተሸክማ ወደ ምድረ በዳ ወጣች።

ገንዘብ ንጹሕ ነው የሚል ግን የለም። የሕንዷ ጉጃራት ውስጥ፣ አናንድ በተባለች ከተማ፣ ለባዕድ የሚያረግዙ ድሃ ሴቶች እስኪወልዱ ከቤተሰባቸው ተለይተው በጋራ ማደሪያ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓል በርዕደ መሬት ስትመታ እስራኤል ለዜጎቿ የተወለዱትን ሕፃናት በአውሮፕላን አወጣች፤ የወለዷቸው ሴቶች ዕጣ ፈንታ ግን ብዙ ጥያቄ አስነስቷል። እነዚህን ታሪኮች እያነሳ ክፍያውን የሚያወግዝ ሰው ትክክል ነው። የሚሳሳተው ውግዘቱን እዚያ ላይ ጨርሶ የእህትን ማህፀን ያለ ጥያቄ ሲያልፍ ነው።

የኒው ዮርክ ግዛት ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጎረቤት ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. በ1986 የተወለደችው «ቤቢ ኤም» የተባለችው ሕፃን ጉዳይ፣ ራሷ እንቁላል ሰጥታ በ10 ሺህ ዶላር ውል ያረገዘች እናት ልጇን አልሰጥም ያለችበት ነበር፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ውሉን ውድቅ አደረገው። ኒው ዮርክም በ1992 በክፍያ የሚደረገውን ከለከለች። ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ሕጓ ሲፈቅድ ለምትክ እናቶች የመብት ዝርዝር ጻፈላቸው። የራሷ ጠበቃ ይኖራታል፣ ወጪውን ባልና ሚስቱ ይከፍላሉ። የጤና ኢንሹራንሷ ከወሊድ በኋላ 12 ወር ይቀጥላል። ስለ እርግዝናው፣ ማቋረጥን ጨምሮ፣ የምትወስነው እሷ ናት። በብሪታንያ ደግሞ የወለደችው ሴት በሕግ እናት ናት፤ ልጁ 6 ሳምንት ሳይሞላው ልጁን ለማስረከብ የምትሰጠው ፈቃድ ዋጋ የለውም። ዘመድ ሆነችም ባዕድ፣ እነዚህ ጥበቃዎች አይለዩም። በሐበሻ ቤት ግን «እህት ለእህቷ ጠበቃ?» ተብሎ የሚሳቅበት ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ነው። አዲስ አበባ የወለደችው ታናሽ እህት በሕግ ፊት እናት ናት፤ ሜሪላንድ ያለችው አይደለችም። ስለዚህ መንገዱን ያጠኑ ባልና ሚስት ታናሽየዋን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ያስባሉ። ያኔ በእንግዳ ቪዛ፣ በማታውቀው ከተማ፣ በእህቷ ቤት፣ የራሷ ገንዘብ ሳይኖራት፣ ልጆቿን አገር ቤት ትታ ታረግዛለች። ሐኪሙ የሚላትን የሚተረጉምላትም ብዙ ጊዜ የእህቷ ባል ነው።

ለታላቅ እህት ልጅ ማግኘት ይገባታል። ከእህቷ ማግኘቱም ክልክል ይሁን የሚል ክርክር እዚህ የለም። ይሁንና ጥያቄውን በራሷ አፍ ታቅርበው፣ በእናት እንባ አታስቀርበው። የምትልከው ገንዘብ መልሱ ምንም ቢሆን እንደማይቋረጥ ከጥያቄው በፊት ትናገር፤ የሚቻል ከሆነ የዓመቱን አስቀድማ ትላክ። ታናሽየዋ የራሷ ጠበቃ፣ የራሷ ሐኪም፣ ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ ይኑራት። የቀረባት ደመወዝ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ይተካላት፤ «በነፃ» የሚለው ቃል እሷን ለማመስገን እንኳ አይነሳ። የ7.8 ከመቶው ቁጥር በአማርኛ ይነበብላት። እምቢ ካለችም በማግስቱ እናት አትደውልላት፣ አጎትም፣ የንስሐ አባትም።